ያልተቀረጸው ጎን

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። «የላም በረት» ብላችሁ ስትመልሱልኝ ግን አፍራለሁ፤ ዛሬ የምወስዳችሁ አገር ላም የለማ! በሬ የለም፣ ፈረስ የለም፣ አህያም የለም። ጭነት ሁሉ በሰው ጀርባ ነው። ተሸካሚው ጠፍሩን ግንባሩ ላይ አሳልፎ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ዳገቱን ይወጣል። ብረት የሚባል ነገርም አይታወቅም፤ ድንጋይ የሚጠረበው በድንጋይ ነው። እንዲህ ባለ አገር አሥራ ስድስት ነገሥታት እየተተካኩ አራት መቶ ዓመት ያህል የነገሡባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ኮፓን ይሏታል፤ የሠሯትም ማያ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው።

ቦታውን ላሳያችሁ። ሆንዱራስ ውስጥ ናት፣ ምዕራብ ጫፍ፣ ለጓቴማላ ድንበር ቅርብ። ተራራ የከበበው ሸለቆ ነው፤ መካከሉን ወንዝ ያቋርጠዋል። ወንዙ ደለል እያመጣ የሚያለብሰው ሜዳ ለበቆሎ የተባረከ ነው፣ ስፋቱ ግን ትንሽ ነው። ይቺን «ትንሽ ነው» ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን። ድንጋዩ ደግሞ ሌላ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ረግቶና ጠጥሮ የሆነ፣ አረንጓዴ ቀመስ፣ ለጠራቢ እጅ የሚታዘዝ። በሌሎቹ የማያ ከተሞች ንጉሥ የሚቀረጸው ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ነው። የኮፓን ጠራቢ ግን ንጉሡን ከድንጋዩ ውስጥ ጎትቶ አወጣው፤ ጉንጩ ሞልቶ፣ ጣቶቹ ተቆጥረው፣ የራስ ጌጡ ላባ በላባ ላይ ተደርቦ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ማያዎቹ የራሳቸው ነበራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 3114 ላይ ከሚውል አንድ ቀን ተነሥተው ቀኑን አንድ በአንድ ሳያዛንፉ ይቆጥሩ ነበር፤ እኛም «ይህ ነገር በዚህ ቀን ሆነ» ብለን በድፍረት የምናወራው በዚህ ምክንያት ነው። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው ሕዝብ ከሌላው ጋር ሲነጋገር ሲደምርና ሲቀንስ እንደሚውል ለእናንተ አላስተምርም።

ስሙን ደግሞ ስሙልኝ። የመጀመሪያው ንጉሥ ቂኒች ያሽ ቁቅ ሞ ይባላል። ፈረንጅ እዚህ ስም ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይያዛል፤ «ቀ» የለውም። ማያዎች ግን ቀ አላቸው፣ ጠ አላቸው፣ ጨ አላቸው፣ ጸም አላቸው። በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሰዎች ከፊደሉ ጎን ጭረት እየጫሩ ሲቸገሩ፣ እኛ «ቁቅ» ብለን እናልፋለን። ቁቅ ጅራቷ የረዘመው አረንጓዴዋ ወፍ ናት፣ ኬትዛል የሚሏት። ሞ ደግሞ ማካው የሚባለው ትልቁ ቀይ በቀቀን ነው። ቂኒች የሚለው ማዕረግ ውስጥ ቂን አለች፣ ፀሐይ።

እንግዲህ ዘመኑ 426 ነው። ይህ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ የንግሥና ምልክት ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን ተነሣ። 153 ቀን ቆይቶ ኮፓን ገባ። ይህን ሁሉ የሚነግረን እሱ ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተቀረጸ ድንጋይ ነው። የልጅ ልጅ ስለ አያት ሲጽፍ እንዴት እንደሚያሳምር ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር ያለፍኩት። ድንጋዩ ንጉሡን ሲያሳይ ዓይኑ ዙሪያ እንደ መነጽር ያለ ክብ አድርጎለታል፤ በመካከለኛው ሜክሲኮ የነበረችው የታላቋ የቴኦቲሁዋካን ሰዎች ወግ ነው። ቀኝ ክንዱ ላይ ትንሽ ጋሻ አስሮለታል።

በ1990ዎቹ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ሻረርና ባልደረቦቹ በከተማዋ ትልቁ ፒራሚድ ሆድ ውስጥ መተላለፊያ እየቦረቦሩ ቁልቁል ወረዱ። የማያ ነገሥታት አሮጌ ቤተ መቅደስ ከሥሩ አያፈርሱም፣ በላዩ ሌላ ይገነባሉ፤ ስለዚህ ወደ ታች መውረድ ወደ ኋላ ዘመን መሄድ ነው። ከሁሉም በታች ካለው ቤት ወለል ሥር መቃብር አገኙ። የድንጋይ አልጋ ላይ የተጋደመ ሽማግሌ ነው፤ ጥርሱ ላይ አረንጓዴ ጄድ ተሰክቷል። ቀኝ ክንዱ በሕይወት ሳለ ተሰብሮ ነበር። ጥሩ ወጌሻ አላገኘም መሰል፣ አጥንቱ ጠሞ ነው የገጠመው። ጋሻ ያሰረው ክንድ ነው፣ ልብ በሉ። ጥርሱና አጥንቱ ሲመረመር ደግሞ ሰውየው ኮፓን አላደገም፤ ሰው በልጅነቱ የጠጣው ውሃና የበላው እህል ያገሩን አፈር ጥርሱ ውስጥ ይተዋል፣ የዚህ ሰው ጥርስም የሚመሰክረው ስለ ሰሜኑ የፔቴን ቆላ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈገግታዬን ሰብሰብ አድርጌ ነው የማነበው።

ከሱ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀብራለች። አጥንቷ ቀይ ዱቄት ተነስንሶበታል፣ ጌጧም ከሱ ጌጥ ይበልጣል። ሚስቱ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ፤ የሸለቆው ባላባት ልጅ። ባዕድ መጥቶ ሲነግሥ ያገር ልጅ ማግባቱ የት አገር ነው የሌለው?

ከሁለተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉትን ነገሥታት ባልፋቸው እንዳትቀየሙኝ። እያንዳንዱ የቀደመውን ሕንፃ ሞልቶ በላዩ ገነባ፤ ኮረብታውም አደገ። አንዱን ብቻ ላንሣ። አሥረኛው ንጉሥ ያሠራው ቤተ መቅደስ ጊዜው ደርሶ ሲቀበር፣ ቀባሪዎቹ እንደ ሌላው ራሱን አልቆረጡትም። ክፍሎቹን በጭቃና በድንጋይ በጥንቃቄ ሞልተው፣ ቀይ ቀለሙንና በግድግዳው ላይ የተሠሩትን ግዙፍ የወፍ ምስሎች ሳይነኩ፣ በነጭ ኖራ ለስነው ሸኙት። ሰው ነው የሚገነዘው እንዲህ። በ1989 ሆንዱራሳዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ሪካርዶ አጉርሲያ በመተላለፊያው ሲሄድ ከዚህ ቀይ ግድግዳ ጋር ተገናኘ። ሮሳሊላ ብሎ ሰየመው። አሁንም ፒራሚዱ ሆድ ውስጥ ቆሟል፤ በሙሉ ቁመቱ የተሠራ አምሳያው በኮፓን ሙዚየም ይታያል።

አሥራ ሁለተኛው ከ628 እስከ 695 ድረስ ስልሳ ሰባት ዓመት ነገሠ፤ በሱ ዘመን ተወልደው በሱ ዘመን የሞቱ አያቶች ነበሩ ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛው ሲመጣ ከተማዋ ሞልታ ነበር።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የአሥራ ሦስተኛው ስም ዋሻክላሁን ኡባህ ቃዊል ነው። ትርጉሙ «የቃዊል ምስሎች አሥራ ስምንት ናቸው» እንደማለት ነው፤ ቃዊል የነገሥታቱ አምላክ ነው። ጽሑፉ ሳይነበብ በፊት ግን ሊቃውንቱ በስሙ ውስጥ አሥራ ስምንት ቁጥርንና የአንዲት አይጥ መሳይ እንስሳ ጭንቅላት አይተው «አሥራ ስምንት ጥንቸል» አሉት። እንስሳዋ ጥንቸል እንኳ አልነበረችም፤ እንደኛ ፍልፈል ያለች ጉድጓድ ቆፋሪ ናት። ያ ሁሉ ጌጥ፣ ያ ሁሉ ሐውልት ያለው ሰው ለብዙ ዓመት በመጻሕፍት ውስጥ ጥንቸል ሆኖ ኖረ።

ዛሬ ኮፓን የሚሄድ ሰው በትልቁ አደባባይ ቆመው የሚያያቸው ሐውልቶች አብዛኞቹ የዚህ ሰው ናቸው። በአንዱ እንደ በቆሎ አምላክ ለብሷል፣ በሌላው ማካውና ተራራ ከብቦታል። 738 ዓመቱ እንደገባ አዲስ የኳስ ሜዳ አስመረቀ። ግራና ቀኙ ተዳፋት፣ ተዳፋቱ ላይ የማካው ራሶች ተተክለዋል። ኳሱ ድፍን ጎማ ነው፣ ከባድ ነው፤ በእጅ አይያዝም፣ ተጫዋቹ በዳሌው ነው የሚመታው።

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሞታጓ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። ጄድ የሚመጣው ከዚያ ሸለቆ ነው፣ ባልጩት ወደ ባሕር የሚወርደውም በዚያ መንገድ ነው። ወንዙ ዳር ኪሪጓ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የኮፓን ግዛት። በ725 ገደማ በኪሪጓ አንድ ወጣት አለቃ ሲሾም፣ የሾመው ይኸው የኮፓኑ አሥራ ሦስተኛ ንጉሥ ነበር። ወጣቱ ቃቅ ቲሊው ቻን ዮፓት ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመት ገበረ።

የኳስ ሜዳው በተመረቀ በ113ኛው ቀን የኮፓን ንጉሥ በኪሪጓ አንገቱን ተቀላ።

እንዴት ተያዘ? ኮፓን አልተቃጠለችም፣ አልተዘረፈችም፤ ሠራዊት ሸለቆውን የረገጠበት ምልክት የለም። ምናልባት ንጉሡ ራሱ ምርኮኛ ፍለጋ ወጥቶ በጥቂት ሰው ተከቦ ይሆናል። የኪሪጓ ድንጋዮች ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነው ሲተርኩ የአንድ እንግዳ ስም ጽፈዋል፤ በሰሜን ያለችው የኃያሏ የካላክሙል ገዢ ስም። ትንሽ ገባር በትልቅ ጌታ ላይ ሲነሣ ከጀርባው ሌላ ትልቅ ጌታ መኖሩን ለመገመት የማያ ጽሑፍ መማር አያስፈልግም።

ኪሪጓ ከዚያ ወዲህ የሐውልት አገር ሆነች። ያው አለቃ በ771 ያቆመው ሐውልት ከአሥር ሜትር በላይ ነው፤ ማያዎች ካቆሟቸው ድንጋዮች ሁሉ ትልቁ። ምስሉን ጓቴማላ በአሥር ሴንታቮ ሳንቲሟ ላይ አትማዋለች። ጌታውን ያሳረደው ገባር ዛሬ በልጆች ኪስ ውስጥ ይንሿሿል፤ የዳቦ መልስ ሆኖ።

ኮፓንስ? ዝም አለች። ጠራቢዎቿ ከአሥር ዓመት በላይ አዲስ የንጉሥ ሐውልት አላቆሙም። በዚህ ዝምታ መካከል፣ በ746፣ አንድ ልዩ ቤት ተሠራ። ግድግዳው ላይ የተሸመነ ሰሌን ተቀርጿል። በማያ ሰሌን የሥልጣን ምልክት ነው፤ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ነው የሚመከረው። ቤቱን ያጠኑት ዊልያምና ባርባራ ፋሽ የምክር ቤት ነው ይላሉ፤ የየሰፈሩ አለቆች ከንጉሡ ጋር የሚቀመጡበት። እኔ እዚህ ቤት ላይ ብዙ ቆሜ አስባለሁ። ንጉሥ ብቻውን ሲቆም ሐውልት ያሠራል፤ አንገቱ የተቀላ ንጉሥ ወራሽ ግን ሰዎች አጠገቡ እንዲቀመጡ ይፈልጋል። አንዴ ሰሌን ላይ ያስቀመጡትን ሰው መልሶ ማስነሣት ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ እናያለን።

አሥራ አምስተኛው ንጉሥ የተሰበረ ክብር ለመጠገን ደረጃ ሠራ። ደረጃ ስላችሁ ተራ ደረጃ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ እርከን ፊት ለፊቱ በጽሑፍ የተሞላ ነው፤ በጠቅላላው 2,200 ያህል ምልክት፣ ከማያ ጽሑፎች ሁሉ ረጅሙ። መካከሉ ላይ ነገሥታቱ ጦርና ጋሻ ይዘው ተቀምጠዋል። የታረደው ንጉሥም እዚያ አለ። ገባሩ ቀላው የሚል ቃል ግን የለም፤ ሞቱ ከባልጩትና ከጋሻ ጋር ነው የተነሣው። በማያ አነጋገር «ባልጩትና ጋሻ» ማለት ጦርነት ማለት ነው። ስለ ሟች የሚነገረው የሟችን ቤተሰብ በሚያጽናና መንገድ ነው።

ደረጃው ራሱ ዕድለ ቢስ ነው። ከተማዋ ከተተወች በኋላ አብዛኛው ተንዶ ወረደ። በ1930ዎቹ ከካርኔጊ ተቋም የመጡ ሰዎች ድንጋዮቹን እየለቀሙ መልሰው ደረደሯቸው፤ ያን ጊዜ ግን ጽሑፉን ማንበብ የሚችል በዓለም ላይ አልነበረም። ከታች ያሉት እርከኖች ብቻ በቦታቸው ናቸው። የቀረው ገጾቹ ተበታትነው እንደገና እንደተጠረዘ መጽሐፍ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከሠላሳኛው ገጽ ተነሥቶ አሥረኛው ላይ ያርፋል።

አሥራ ስድስተኛው በ763 ነገሠ። ያሽ ፓሳህ ቻን ዮፓት፤ ስሙ ውስጥ የጎህ መቅደድ አለ። እናቱ ፓሌንኬ ከምትባል ሌላ የማያ ከተማ የመጣች ልዕልት ናት። ያንን ስለ ሽማግሌው መሥራች የሚተርከውን ድንጋይ ያስቀረጸው እሱ ነው፣ በ776። «መሠዊያ ኪው» ይሉታል፤ አራት ማዕዘን፣ ወገብ ያክል ከፍታ። በእያንዳንዱ ጎን አራት ንጉሥ፣ በጠቅላላው አሥራ ስድስት፣ እግራቸውን አጣጥፈው በየስማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወንበራቸው ስማቸው ነው! ፊት ለፊት ባለው ጎን መሥራቹ ለአሥራ ስድስተኛው የሥልጣን በትር ያቀብለዋል፤ በመካከላቸው የሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ክፍተት እንዳለ ሁለቱም የሚያውቁ አይመስሉም። ከድንጋዩ አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የአሥራ አምስት ጃጓሮች አጥንት ተገኝቷል። ለእያንዳንዱ አባት አንድ ጃጓር፤ ራሱ ገና በሕይወት ነበርና ለራሱ አላረደም። ይህን ድንጋይ የቀደሙት ተመራማሪዎች ምን ብለው እንደተረዱት ልንገራችሁ? የከዋክብት ተመራማሪዎች ጉባኤ! አሥራ ስድስት ሊቃውንት ተሰብስበው ዘመን አቆጣጠር ሲያስተካክሉ።

እንዲህ አጥብቆ «አባቶቼ፣ አባቶቼ» የሚል ሰው ምን አስጨንቆት ነው?

ወደ ሸለቆው ዝቅ በሉና እዩ። ያቺ «ትንሽ ነው» ያልኳችሁ ሜዳ ላይ አሁን ቤት ሞልቷል። በዙሪያው ከ20,000 በላይ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ለበቆሎ የሚሻለው መሬት የመሳፍንት ግቢ ሆኗል፤ ገበሬው ወደ ተዳፋቱ ወጥቷል። ተዳፋት ላይ ያረሰ ሰው ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ አፈሩ ቁልቁል ይሄዳል፣ ገበሬው ሽቅብ ይሄዳል። በመቃብር የተገኙ አጥንቶች ላይ የምግብ እጥረት ምልክት አለ፤ የድሆች ብቻ አይምሰላችሁ፣ በመሳፍንቱ ግቢ በተቀበሩት ላይም ይታያል። መሳፍንቱ ግን ቤታቸውን ማሳመሩን ቀጠሉ። በከተማዋ ምሥራቅ አንድ የጸሐፊ ቤት አለ። ጸሐፊ እንጂ ንጉሥ አይደለም። ሆኖም መቀመጫው ላይ በሙሉ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ድሮ ይህ የቤተ መንግሥት ነገር ነበር። ያሽ ፓሳህ እንዲህ ያለውን መቀመጫ ሲመርቅ ይውል ጀመር። ሰሌኑ ላይ የተቀመጡት ሰዎች አሁን የየራሳቸው ዙፋን አላቸው።

ያሽ ፓሳህ 820 ገደማ ሞተ። ከሱ በኋላ አንድ ሰው አለ፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ስለ ውድቀቷ ብዙ ተብሏል። ለረጅም ጊዜ የተወደደው ታሪክ የደን ነው። በ1987 ዴቪድ ሩ በረግረግ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የአበባ ዱቄት መርምሮ፣ ሸለቆው ተራቁቶ እንደነበር ጻፈ። ዛፉን ጨረሱ፣ አፈሩ ታጠበ፣ ተራቡ፣ ጠፉ፤ ለትምህርት ቤት የሚመች ታሪክ ነው። በ2010 ካሜሮን ማክኒልና ባልደረቦቿ ረዘም ያለ ዘመን የሚሸፍን ጭቃ አውጥተው ሲያዩ ግን በከተማዋ የመጨረሻ ዘመን ዛፍ የበዛ ሆኖ አገኙት። አስተዳዳሪዎቹ ደኑን ሳይጠብቁ አልቀሩም። እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ድርቅም ይነሣል። በ1995 ዴቪድ ሆዴልና ጓደኞቹ በዩካታን ካለ ሐይቅ ሥር ባወጡት ደለል፣ ከ800 እስከ 1000 ያለው ጊዜ በሺዎች ዓመታት ውስጥ እጅግ ደረቁ እንደነበር አሳዩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሐይቁ እስከ ኮፓን ግን መንገዱ ረጅም ነው። የቆላዎቹ የማያ ከተሞችም በዚያው መቶ ዓመት አንድ በአንድ ሐውልት ማቆም አቁመዋል። ቲካል የመጨረሻዋን በ869 አቆመች።

እኔን ብትጠይቁኝ ሰሌኑ ላይ እቆያለሁ። የማያ ንጉሥ ሥራው ዝናብን፣ በቆሎንና አባቶችን ማገናኘት ነው። ዝናቡ ቢዘገይ፣ በቆሎው ቢያንስ፣ አባቶቹም በየመስፍኑ ግቢ የየራሳቸው መቀመጫ ቢኖራቸው፣ ንጉሡ ምን ይሠራል? ምክንያቶቹ ተደራርበው ነው የመጡት እላለሁ። «ምስጢር ነው» ብሎ እጅ ማጣጠፉም አያረካኝም።

ደግሞ «ጠፉ» የሚለው ቃል ያናድደኛል። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት አልተነኑም። ቤተ መንግሥቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ገበሬው በሸለቆው እያረሰ፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ እየቀነሰ ኖሯል። ወንዙ አልጋውን ቀይሮ የነገሥታቱን ኮረብታ በምሥራቅ በኩል በልቶ ገመሰው፤ ሕንፃዎች በሙሉ ወንዝ ገቡ። ወንዙን ከዚያ ያራቁት በ1930ዎቹ ነው። በ1576 ዲዬጎ ጋርሲያ ዴ ፓላሲዮ የሚባል የስፔን ሹም እዚያ ደርሶ ያየውን ለንጉሥ ፊሊጶስ ሁለተኛ በደብዳቤ ጻፈ። ንጉሡ ያን ያህል የተገረመ አይመስልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያስቃል። በ1839 ጆን ሎይድ ስቲቨንስ የሚባል የኒው ዮርክ ጠበቃ፣ ያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ፣ ፍሬድሪክ ካተርዉድ ከሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ጋር ጫካውን እየመነጠረ ገባ። የመሬቱ ባለቤት ዶን ሆሴ ማሪያ እነዚህን ሰዎች አላመናቸውም። ስቲቨንስ ሻንጣውን ከፈተና ትልልቅ የንስር ምስል ያለባቸው ቁልፎች የተደረደሩበትን የዲፕሎማት ኮቱን ለበሰ። ከላይ ዝናብ ያበሰበሰው ባርኔጣ፣ ከታች እስከ ጉልበቱ ጭቃ የነካው ሱሪ፣ መካከሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ኮት! ዶን ሆሴ ማሪያ ቁልፎቹን አየ። ኮፓን በ50 ዶላር ተሸጠች። ዶን ሆሴ ማሪያ ያን ያህል ገንዘብ የሰጠውን ስቲቨንስን እንደ ሞኝ ቆጠረው። ካተርዉድ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ትንኝ እንዳይበላው ጓንት አጥልቆ መሳል ጀመረ። ከዚያ በፊት ያያቸውን የግብጽና የግሪክ ድንጋዮች የሚስል እጅ እዚህ አልሠራ አለው፤ ወረቀቱን ደጋግሞ ጣለ። በኋላ ያወጣቸው ሥዕሎች ግን ዛሬም ጠራቢው ቢያያቸው ሥራውን ያውቀዋል።

ጽሑፉን ያስከፈተው ግን ኮፓንን ያልረገጠ ሰው ነው። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ ሌኒንግራድ ቁጭ ብሎ፣ ምልክቶቹ ውስጥ እንደ ፊደላችን ድምፅና አናባቢ በአንድ ላይ የያዙ እንዳሉ አሳየ። «ፓ»፣ «ካ»፣ «ላ» ብለው ይጽፋሉ፤ የመጨረሻዋን አናባቢ ይውጧታል፤ ፓካል ይሆናል፣ የታላቁ የፓሌንኬ ንጉሥ ስም። ሀ ሁ ሂ ብሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። የምዕራብ ሊቃውንት ሃያ ዓመት ያህል ተከራከሩበት።

ሲነበብ ምን ቋንቋ ሆነ? ዛሬ በኮፓን አካባቢና ከድንበሩ ማዶ በጓቴማላ ያሉት ጮርቲ የሚባሉት ገበሬዎች ከሚናገሩት ጋር የቅርብ ዘመድ። በሆንዱራስ በኩል ቋንቋው ከአፍ ሊጠፋ ደርሷል፤ በጓቴማላ በሆኮታን አካባቢ ግን ይነገራል። እነዚያ ሰዎች ፀሐይን ዛሬም ቂን ይሏታል። በቆሎውን በኖራ ውሃ ዘፍዝፈው፣ አጥበው፣ ፈጭተው፣ በምጣድ ላይ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ተዳፋት ላይ ያርሳሉ።

አሁን ያቆየሁላችሁን ሰው ላምጣው። ኡኪት ቶቅ ይባላል። ቶቅ ያው ባልጩት ማለት ነው። በ822 መጀመሪያ ላይ እንደ ያሽ ፓሳህ የራሱን አራት ማዕዘን ድንጋይ አዘዘ። ድንጋዩ ተጠርቦ መጣ፣ ተተከለ፣ ጠራቢው ከአንደኛው ጎን ጀመረ። ያ ጎን አልቋል። ሁለት ሰዎች በስማቸው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሟቹ ያሽ ፓሳህ፣ አንዱ አዲሱ ኡኪት ቶቅ፣ በመካከላቸው ቀኑ። ከዚያ ጠራቢው ዞረና ሁለተኛውን ጎን ያዘ። የሰዎቹን መልክ በሻካራው አወጣ፤ ፊት ገና የላቸውም፣ ስማቸውም አልተጻፈም። እዚያ ላይ መሮውን አስቀመጠ። ድንጋዩ ዛሬም ኮፓን አለ፤ ዞር ብላችሁ ብታዩት ሦስተኛውና አራተኛው ጎን ልሙጥ ነው።